በከበሮ የተደለደለው ግቢ

ደባርቅ ውስጥ አካፋ አንሥቶ መሬት የነካ ሰው፣ ከኋላው የሆነ ሰው ቆሞ «ኧረ እዚያ ጋ አይደለም!» ሳይለው የዋለበት ቀን የለም። ዳባትም ያው ነው። ሊማሊሞን ወርዳችሁ ዛሪማ ብትደርሱም፣ ድንኳን ልትተክሉ ካስማ ስትመቱ አንዱ ከጥላ ሥር ተነሥቶ ይመጣል። እናንተ አታውቁትም። እሱ ግን መሬቱን ያውቀዋል።

የእኛ ሰፈሩ አያ ይግዛው ይባላሉ። እኔ በሆዴ «ሊቀ አፈር ወድንጋይ» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ። ግንበኛ ናቸው እንዳልላችሁ፣ ግንበኛ ሆነው አያውቁም። መሐንዲስም አይደሉም፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ግን እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው «መሬቱን ጠይቃችሁታል?» ሳይሉ የቆመ ቤት በሰፈራችን የለም። የሠርግ ዳስ ሲጣል ይጠይቃሉ። የውሃ ታንከር ሲቀመጥ ይጠይቃሉ። አንዴማ ቀብር ላይ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩና «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ይደርቅላቸው ነበር» አሉ። ሟቹ ምንም አልመለሱም።

እኔ እጃቸው ላይ የወደቅሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ወለተ ሥላሴ፣ አምና ነሐሴ የጭቃ ቤቷ ግድግዳ ከሥሩ ርሶ ተደረመሰባት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰዓቱ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ዳባት እህቴ ጋ ናት፤ በደወልኩ ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሁለተኛ ክረምት በሰው ቤት አታስከርመኝ።» የልጅ ቤት እንዴት የሰው ቤት ይሆናል ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ እኔ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ። ስለዚህ ጎንደር ቤት ተደርጎ የተሠራ ኮንቴይነር አዘዝኩላት። በር አለው፣ ሁለት መስኮት አለው፣ ውስጡ በእንጨት ተለብጧል። ግንቦት ሁለት ተጭኖ ይመጣል፣ ክሬን አንሥቶ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ። እኔ ሞኙ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ሃያ፣ ሰኞ ጠዋት ግቢውን ላጸዳ ስገባ አያ ይግዛው ቀድመውኝ ቆመዋል።

«የት ልታስቀምጠው ነው?»

«እዚሁ ነዋ አያ፣ የድሮው ቤት ከነበረበት።»

«መሬቱን ጠይቀኸዋል?»

«ኮንቴይነር እኮ ብረት ነው! የትም ቢቀመጥ አይፈርስም።»

«አይፈርስም» አሉ ረጋ ብለው። «ይሄዳል እንጂ።»

ከዘራቸውን ወደ አንድ ጥግ ቀሰሩ። ቄጠማ በቅሏል፤ በዚህ ደረቅ በጋ፣ ማንም ሳያጠጣው። «ቄጠማ የሚጠጣው ሳያገኝ አይበቅልም። ቆፍር» አሉኝ። ቆፈርኩ። መሬቱ መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት እንደ ሊጥ የሚነፋ ጥቁር አፈር። አንድ ክንድ ያህል ስወርድ ውሃ ያዘለ ጭቃ አገኘሁ። እናቴ አርባ ዓመት ስትኖርበት ውሃው ከእግሯ ሥር ነበር፤ ከእኛ አንዳችንም አላወቅንም።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አሉ አያ ይግዛው።

ከዚያ ትእዛዙ ወረደ። መረሬው ይነሣ። በላይ በኩል ውሃውን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር። በመረሬው ቦታ ገረጋንቲ የሚሉት ጠጠራም አፈር ይሞላ፣ ገረጋንቲው ይደልደል፣ ከላዩ ላይ ስድስት የድንጋይ እግር ይቁም። ኮንቴይነሩ እንደ ንጉሥ አልጋ በስድስቱ ላይ ይቀመጣል። አሥራ ሁለት ቀን አለኝ ብዬ ተጽናናሁ።

«ነገ ማርያም ናት» አሉ። «መሬት አይቆፈርም።»

ሐሙስ ጊዮርጊስ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ መጣ። ሰኞ መድኃኔ ዓለም፣ ረቡዕ ባለ ወልድ፣ መጨረሻው ዓርብ ደግሞ ግንቦት ልደታ። ከአሥራ ሁለቱ ቀን የተረፈኝ አምስት ነው! በአምስቱ ቀን ከአራት የቀን ሠራተኞች ጋር መረሬውን አወጣን፣ ቦዩን ቆፈርን፣ ገረጋንቲውን ደፋን። ሐሙስ ከሰዓት ላይ ያ ሁሉ ገረጋንቲ ልል ሆኖ ተኝቷል፤ ሲረግጡት እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። የመደልደያ ማሽን አመጣለሁ ያለኝ ሰው ስልኩን አጥፍቷል። ዳባት ያለችው እናቴ ግን ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳለች።

«አለቀልን» አልኩ፤ ዕንባዬ መጣ።

«ነገ ልደታ ናት» አሉ አያ ይግዛው።

«አውቃለሁ! አይሠራም!»

«አይሠራም» አሉ። «ይጨፈራል እንጂ።»

ግንቦት ልደታን ሰፈራችን ሁልጊዜ ከቤት ወጥቶ ሜዳው ላይ ያከብራል። በማግሥቱ ዓርብ ግን ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ ወደ እናቴ ግቢ ጎረፈ። አያ ይግዛው ጠዋት ቤት ለቤት ዞረው «ዘንድሮ ልደታ በወለተ ሥላሴ ግቢ ናት፤ ሳይጨፍር የሚቀር ጎረቤት አልይ» ብለው ኖሯል። ሰው ገረጋንቲው ላይ ወጣ። ሊቀመጥ የፈለገውን ሁሉ «ተቀምጦ የሚበላ የለም!» እያሉ አስነሡት።

ከበሮው ተመታ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መቶ የሚሆን ሰው፣ ሽማግሌው፣ ወይዘሮው፣ ኮረዳው፣ ጎረምሳው፣ በአንድ ላይ ሲረግጥ ምድሪቱ ትመልስለታለች። ሰው ከበሮው ወዳለበት መሰብሰቡን ያዩት አያ ይግዛው፣ ከበሮ መቺዋን በክንዷ ይዘው ግቢውን ያዞሯታል። «የላይኛው ማዕዘን ገና ነው! ከበሮውን ወዲህ!» ይላሉ። ከበሮው ሲሄድ መቶው ሰው ተከትሎ ይሄዳል። በየመሐሉ «አቧራ እንዳይነሣባችሁ» እያሉ በጄሪካን ውሃ ይረጫሉ። ለአቧራው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያልረጠበ ገረጋንቲ አይጠብቅም።

የንስሐ አባታችን አባ ፍቅረ ሥላሴ መጡና ቆመው ተመለከቱ።

«አያ ይግዛው፣ ይሄ በዓል ነው ወይስ ሥራ?»

«አባ፣ አካፋ የያዘ ሰው ካዩ ይገዝቱኝ።»

አባ ዙሪያውን አዩ። አካፋ የለም። ጥቂት አሰብ አደረጉና ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ዝግ ባለ ወረብ፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ረገጡት። አመሻሽ ላይ በተረከዜ ብመታው መሬቱ እንደ አስፋልት ደረቀብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱን እግር አቆምን። (ድንጋይ መደርደር መቆፈር አይደለም፤ ብያኔው የአያ ይግዛው ነው።) እሳቸው ውሃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከድንጋይ ድንጋይ እየጎተቱ ልኩን ወሰዱ። ክሬን ነጂው ገዱ ግን አላመነም፤ ቤቱን አስቀምጦ ሲጨርስ ስልኩን አውጥቶ ወለሉ ላይ አጋደመና ለካ። ደግሞ ለካ። «ማነው መሐንዲሱ?» አለኝ። ጋቢያቸውን እያራገፉ ያሉትን ሽማግሌ አሳየሁት።

እናቴ በሳምንቱ ገባች። ወለሉን በእግሯ መታ መታ አድርጋ «እህ፣ ይሄስ ቤት ነው» አለች። ግን ክረምቱ ገና ነበር፤ እሷም አልጋዋን ከበሩ አጠገብ እንጂ ከውስጥ አላደረገችም። የተደረመሰባት ሰው ናት።

ሰኔ አጋማሽ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። እኔ ገበያ ነበርኩ። በሩጫ ደረስኩ። አያ ይግዛው ዝናቡ ውስጥ ቦዩ ዳር ቆመዋል፤ ጋቢያቸው ያንጠባጥባል። ቦዩ እስከ አፉ ሞልቶ ደፍርሶ ይጋልባል። ጎንበስ ብዬ ከቤቱ ሥር አየሁ። ስድስቱም ድንጋዮች ደረቅ ናቸው። ደረቅ!

እናቴ በበሩ ብቅ አለች። «ይግዛው፣ ምነው ገብተህ ብትጠለል?»

አልተንቀሳቀሱም። «አምና አይቼው ነበር» አሉ። «ሐምሌ ላይ ውሃው ወደ ግድግዳሽ ሲዞር አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ‹ይግዛው ደግሞ መጣ› እያለ ሲስቅ ሰለቸኝና፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አፌን ልያዝ አልኩ። ያዝኩ። በወሩ ቤትሽ ወደቀ።»

ከሚስቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። አፈርኩ።

«እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ፤ ወጥታ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እሳቸው ዝም አሉ። ወር ሙሉ ዝም በሉልኝ ብዬ የተሳልኩባቸው ሰው ዝም ሲሉ፣ መቋቋም አቃተኝ።

«አያ ይግዛው» አልኩ፣ «ይሄ ወለል ወደ መስኮቱ ትንሽ አላጋደለም?»

ቀና አሉ። «ማን? የት ጋ?» ብድግ ብለው ብርጭቆ ውሃ አስሞሉና ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ ጋቢያቸውን ጥለው በደረታቸው ተኝተው በአንድ ዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ከዚያ ስለ መስኮቱ ተናገሩ፣ ስለ በሩ ተናገሩ፣ ገና ስላልቆፈርኩት የሽንት ቤት ጉድጓድ ተናገሩ። ዝናቡ ካባራ በኋላም አላቆሙም። እናቴ ትስቃለች፤ እኔ «እሺ አያ፣ እሺ አያ» እላለሁ። ወለሉ ቅንጣት እንዳላጋደለ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።