የቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ለማን እንደ ጸና

ሪሞቱ በጠፋ በሦስተኛው ዓመት፣ የሳሎኑ መጋረጃ በታጠበ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የቪዲዮ ጌም ቦሶችን ሁሉ ድል የነሣ፣ የስፌት ቤቱን ቦስ ግን አጥብቆ የሚፈራ፣ ልብስ ሰፊው ባለጥቁሩ ከታናሽ እኅቱ ከፋርማሲስቷ ባለነጭዋ ጋር ተሟገተ። ባለጥቁሩ መባሉ የጌም ማጫወቻ ኮንሶሉ ጥቁር፣ ባለነጭዋ መባሏም የእርሷ ነጭ ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ መልካቸውስ ሁለቱም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው።

መደርደሪያው ጠባብ፣ ቴሌቪዥኑም አንድ ነበርና፣ ጡረታ የወጡት መምህርት እናታቸው የገመዱ መተብተብ ቢያንገፈግፋቸው አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ለእኅትህ፣ የሰማሽም ለወንድምሽ አሰሚ! ከሁለቱ ኮንሶሎች አንዱ ዕቃ ቤት ይገባል። የትኛው አምራች በገዛ ቤቱ ስቱዲዮዎች የተሻለ ጌም እንደሚሠራ እኔው አርማለሁ። ከውጭ ስቱዲዮ የተገዛ አይቆጠርም፤ በሰው ወርቅ አይደምቁም።»

ባለጥቁሩ ከስፌት ሲመለስ ከዚህ ኮንሶል በቀር ማረፊያ አልነበረውምና ልቡ ራደ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሠራዊቱን አሰለፈ፤ በፊት ሁለት ጆይስቲኮች፣ አንዱ ወደ ግራ አልሄድ ያለ፤ ቀጥሎ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ፤ በስተኋላም በፕላስተር የታሰረ ገመድ፣ ካልነኩት በቀር ከድቶ የማያውቅ።

ባለነጭዋ የመኪና እሽቅድድም ጌሟን አሳየች፤ እናትም ዝናቡ በመስተዋቱ ላይ ሲወርድ አይተው በቀይ እስክርቢቶ ስምንት ጻፉ። ባለጥቁሩ ደግሞ የድልድይ ዘበኛውን ጌም፣ ዘጠኝ ዓመት ያወደሰውን፣ ጨርሶት ግን የማያውቀውን፣ ከፈተ። የሽማግሌው ዘበኛ እጅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ባዩ ጊዜ እናት ዘጠኝ ሰጡ።

እኅቱ ነጩን በገዛ ሻርፗ ጠቅልላ ወደ ዕቃ ቤት ወጣች። እርሱም በድል ደስታ የቀረውን አንድ ድልድይ ተሻግሮ ጌሙን ጨረሰ፤ ወዲያውም የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ይወጣ ጀመር። በዝርዝሩ ራስ የተጻፈው ግን የጥቁሩ አምራች ስቱዲዮ አልነበረም፤ የውጭ ነበር፣ በውል የተቀጠረ።

እናት መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። እኅቱ ገና ኮሪደር ላይ ናት። አንዲት ቁልፍ ቢጫን ዝርዝሩ ይሰወር ነበር፤ አውራ ጣቱም ቁልፏ ላይ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት አፉን ሞልቶ የተናገረው ሁሉ ትዝ ቢለው አፈረ፤ ሻርፗ ትዝ ቢለው ደግሞ ባሰበት። ተነሥቶም አወጀ፦ «ጌሙ የእኛ አምራች ሥራ አይደለም! ዘጠኙ ይሰረዝ!»

እናትም ሰረዙት። ከሥሩ ግን እንዲህ ጻፉ፦ «ጠባይ፦ አሥር ከአሥር። ለውጤቱ አይደመርም።»

ጥቁሩም በዚያው ሻርፕ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት፣ በካውያና በተሰበረ ጃንጥላ መካከል ዐረፈ። ባለነጭዋ ነጩን በመደርደሪያው ላይ አጸናች፤ ከራሷ ጆይስቲኮችም አንዱን፣ ወደ ግራ የሚሄደውን፣ ለወንድሟ ሰጥታ ጠጋ አለችለት።

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለባለጥቁሩ፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ሳሎን ስም ዝርዝሩን ሳይዘል ያነበበ አልነበረም፣ አንብቦም በራሱ ላይ የመሰከረ እስካሁን አልተነሣም።