መቃብሩ በር ጋ የሚያስለው መኪና

ቤንዚን ለመቆጠብ ጋዝ የተገጠመለት መኪና ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። መካኒክ አይደለም፤ ጋራዥም የለውም። የተከፈተ ኮፈን ካየ ግን ምሳውን ጥሎ ይመጣል፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፣ ሳይጠየቅም ይፈርዳል። እኛ መንደር ይህን ሥልጣን ጠቅልለው የያዙት ክቡር ሊቀ ጋዝ ፓን ሉድዊክ ናቸው («ፓን» በእኛ አገር «አቶ» እንደማለት ነው)፤ የባቡር ጡረተኛ፣ የአጥር ጎረቤቴ። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰማሁ የሚል ሰው እስከ ዘንድሮ አልተገኘም ነበር።

መንደራችን ውስጥ በቤንዚን ብቻ የሚነዱት ቄሱ ናቸው። የሌሎቻችን ትርፍ ጎማ ቦታውን ለጋዝ በርሜሉ ለቆ ከድንች ጆንያ ጋር ከኋላ ይንከባለላል። ቤንዚንማ ለማስነሻ ያህል ነው፤ ማስጠንቀቂያው መብራት እየበራ ዓመት እንነዳለን። እናም ለፓን ሉድዊክ ሥራ አይጠፋም።

እሳቸው መኪና አያዩም፤ ያዳምጣሉ። ኅዳር ላይ ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ አጥሩን ሲውጠው፣ መጋረጃዬን ስገልጥ ግቢዬ ውስጥ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ጆሯቸው ኮፈኑ ላይ ተለጥፏል፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከአፋቸው ትንፋሽ እንኳ የሚወጣ አይመስልም። የመጀመሪያ ቀን ሞተው የቀሩ መስሎኝ በሌሊት ልብሴ ሮጬ ወጣሁ።

«ፓን ሉድዊክ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም ይበሉ፤ እያወራ ነው።»

«የጠፋ ሞተር ምን ያወራል?»

«እንዴት እንዳደረ።»

ከዚያ ከኪሳቸው የፂም ብሩሽ ያወጣሉ። የሳሙና አረፋ ነክረው የጋዙን ቱቦ መጋጠሚያ፣ የታመመ ሰው ፂም እንደሚላጭ በቀስታ ይቀቡታል። አረፋው አንድ ቦታ ላይ ኩፍ ማለት ሲጀምር፣ ጋዝ የሚያፈተልከው እዚያ ጋ ነው። «ይሄማ ይታወቃል» ይላሉ፤ ብሩሹም ወደ ኪሳቸው ይመለሳል።

ባሌን ካዚክን የቀበርን ዕለት እንኳ አልማሩኝም። የሬሳ መኪናውም በጋዝ ነው የሚሄደው። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሁሉም ጸጥ ባለበት ፓን ሉድዊክ ከጀርባዬ ጎንበስ ብለው «ሦስተኛው» አሉኝ በሹክሹክታ። የጸሎት ቃል መሰለኝና «አሜን» አልኩ። ባዶው የሬሳ መኪና ከመቃብሩ በር ሳይርቅ ተንዘፈዘፈና ቆመ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ከጎረጎረ በኋላ ከጋዝ መርጫዎቹ ሦስተኛው መሞቱን አገኘ። አሮጊቶቹ አማተቡ። ሊቀ ጋዝ ባርኔጣቸውን አጠለቁና «ይሄማ ይታወቃል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የካዚክ መኪና ለእኔ ቀረ። የምሠራው በአቅራቢያችን ባለው ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ አውቶቡስ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ያለ መኪናው እንጀራ የለኝም። መኪናው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያው ቦታ፣ መቃብሩ በር ጋ ስደርስ ይሞት ጀመር። ቀስ ብሎ አልነበረም፤ ባንዴ ነው ጭጭ የሚለው። ጉሙ መስኮቱ ላይ ይጋደማል። ለሙታን ቀን በየመቃብሩ ላይ የተለኮሱት ቀያይ ፋኖሶች እዚያ ውስጥ ይታዩኛል፤ ከመካከላቸው አንዱ የካዚክ ነው። ቁልፉን መልሼ ሳዞር ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል።

መንደሩ ፍርዱን ሰጠ፦ «ባሏ እየጠራት ነው፤ ሳይወስዳት ትሽጠው።»

እኔም ፈርቼ ነበር። ግን አንድ ቀን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጸጥታው ውስጥ «ደህና አደርክ፣ ካዚክ?» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ስተኛ ነጋ አልነጋ እያልኩ እጠብቅ ጀመር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ፓን ሉድዊክ ሳይጋበዙ አንድ ጠዋት ከጎኔ ገብተው ተቀመጡ። በሩ ጋ ስንደርስ መኪናው ሞተ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ ፋኖሶቹን አያለሁ፤ እሳቸው ምን እንደሚሰሙ እንጃ።

«ይሄማ ይታወቃል» አሉ በመጨረሻ። «ከቤትዎ ሲነሱ በቤንዚን ነው። ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ ወደ ጋዝ ይዞራል። ከእርስዎ ቤት ተነስቶ ሞቅ የሚለው ልክ እዚህ ሲደርስ ነው። የጋዙ ማጣሪያ ስለተደፈነ ሲዞር የሚበላው ያጣል። ካዚክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ውስጥ የለበትም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ማጣሪያውን ለወጡት። የወጣው ጥቁር ቅባት ጣታቸው ላይ ቀረ። በማግስቱ መኪናው በሩን ሽው ብሎ አለፈ። ከበሩ ወዲያ ርቆ እስካለው ጡብ ፋብሪካ ድረስ አለቀስኩ።

ማታ ስመለስ አጥሩ ጋ ጠበቁኝ። «ቆመ?»

«አልቆመም። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ዓይንዎ ምን ሆነ?»

«የከሰል ጭስ ነው።»

ያን ቀን ሞቅ ብሎ ስለነበር የማንም ምድጃ አልተለኮሰም። ፓን ሉድዊክ ዞር ብለው ጭስ ማውጫዎቹን አንድ በአንድ አዩና ወደ ቤታቸው ገቡ። ሊቀ ጋዝ «ይሄማ ይታወቃል» ሳይሉ ሲሄዱ ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ።

ቅዳሜ ላፕቶፕና ከጋዙ መቆጣጠሪያ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ይዘው መጡ። «የቀረች ትንሽ ማስተካከያ አለች» አሉ። ሰኞ ጠዋት መቃብሩ በር ጋ ስደርስ ከኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ቋ አለ፤ መኪናው እንደ ሰው አንዴ አሳለና መንገዱን ቀጠለ። «ደህና አደርክ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። የአየሩ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር «ማጣሪያ ልይ» እያሉ ኬብሉን ይዘው ይመጣሉ። ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። በሙቀቱ ወራት ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፣ በብርዱ ይዘገያል፤ ወደ ጋዝ የሚዞርበትን ሙቀት የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ሲዞር የሚሰማው ሳል ከበሩ ርቆ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። የሰው መኪና ውስጥ እንከን እያለ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰውዬ፣ ለእኔ ሲሉ አንዷን እንከን በነፍስ አቆይተው፣ ከወቅት ወቅት እየጎተቱ በሩ ጋ ይመልሷታል። አላመሰገንኳቸውም፤ ቢነሳባቸው ይክዳሉ።

ዘንድሮ በሙቀቱ ወራት መጨረሻ፣ ፕለም ሊለቅሙ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። አልጋ ላይ ናቸው። ኬብሉን የነካ የለም። ብርዱ ሲገባ፣ ዘንድሮስ ሳይጠራኝ አልፌው ልሄድ ነው እያልኩ ሰጋሁ። የመጀመሪያው ውርጭ በወረደበት ጠዋት በጉሙ ውስጥ ቀስ እያልኩ ነዳሁ።

ማታ ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አልጠበቁም።

«የት ጋ አሳለ?»

«በሩ ጋ።»

«አይሆንም። ለሙቀቱ ወራት እንዳስተካከልኩት ነው የተውኩት። በዚህ ብርድ ጡብ ፋብሪካው ጋ ነው ማሳል ያለበት።»

«በሩ ጋ ነው፣ ፓን ሉድዊክ።»

«እንግዲያው የነካው ሰው አለ።»

«ኬብሉ ያለው እርስዎ አልጋ ሥር ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኮፈን ላይ ጆሯቸውን እንደሚለጥፉት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጉሙ ዘንበል አደረጉ። «ይሄማ ይታወቃል» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

«አላውቅም» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀጭን ነበር፣ ከጥፍሩ ሥር ዛሬም ጥቁር ቅባት አለ። እኚህን ነገረኛ ሽማግሌ እንደዚያች ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም።

«ማንም እንዳይነካው» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እኔም ብነሳ አልነካውም።»