የሰማዩ ጋቢና

ጋቢና መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። ደራ እህቴ ጋ ልሄድ አዳማ መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ገና ነጠላዬን ሲያይ “አዴ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ” ይለኛል። አክብሮኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ከፊት ተመቻችቼ፣ ከኋላዬ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠጋግቶ፣ አንዷ ልጇን ታቅፋ ዶሮዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ መንገዱን ሙሉ ማጅራቴን የሚያዩኝ ይመስለኛል። እስከ ደራ አንድ ቀን ወንበሩን ተደግፌ አላውቅም።

እንግዲህ ሕንድ አገር ቢዝነስ ክላስ ተቀምጣ የሄደችው ይቺው ሴት ናት። ቢዝነስ ክላስ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ እኔ ልንገራችሁ፤ ጋቢና ነው። ልዩነቱ፣ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ የሚገባው በጋቢናው በኩል መሆኑ ነው። ችግሬም የመጣው ከዚሁ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስረዳ። ልጄ ምሕረት ለትምህርት ባንጋሎር ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛ ቀረች። ቶማስ የሚባል ልጅም እዚያው ተዋወቀች። ስሙን ስትነግረኝ የእኛው ልጅ መስሎኝ “የየት አገር ልጅ ነው?” ብዬ ነበር። ሕንድ ነው። ኬረላ የሚባል አገር አላቸው፤ እዚያ ከጥንት ጀምሮ ኦርቶዶክሶች አሉ። ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። ይህን ቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ ስንት ሱባዔ እንደምገባ እኔ ነኝ የማውቀው። የንስሐ አባቴን ጠይቄ “እህት ቤተ ክርስቲያን ናት” ሲሉኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የቀረችው የቶማስ እናት ነበረች። ማርያማ ትባላለች። በዕድሜ ብዙም አንራራቅ። “የልጅቷን እናት በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም” አለች። አልፈረድኩባትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ግን እኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ ደጅ የሚጠናው የወንዱ ወገን ነው። የሴት እናት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወንድ ቤት ስትሄድ አይታችኋል? ለጎረቤት “ልጄን ልጠይቅ ነው” ብዬ ነው የወጣሁት። ውሸት አይደለም። ሙሉውም አይደለም።

ባንጋሎር ደረስኩ። ከዚያ ማርያማ ወዳለችበት ወደ ኮቺ በአውሮፕላን ቅርብ ነው፤ አዳማ ተሳፍራችሁ ሞጆን አልፋችሁ ገና ወሬ ሳትጨርሱ እንደማለት። ቶማስ ግን ጉልበቴን እንደሚያመኝ ሰምቶ ለእኔ ብቻ ከፊት ቆረጠልኝ። እሱና ምሕረት ከኋላ። ለዚህች መንገድ ምን ያስፈልጋል ብዬ ተከራከርኩ። “እማማ፣ ጉልበት” አለኝ የራሱን ጉልበት መታ መታ እያደረገ። አማርኛው እስከዚያው ነው።

እኔን ቀድመው አስገቡኝ። መተላለፊያው ዳር ሰፊ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ቀበቶ አሰረችልኝና ትኩስ ፎጣ ሰጠችኝ። ስጦታ መስሎኝ አመስግኜ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ቆይታ ልትሰበስበው መጣች። ከቦርሳ አውጥቼ ስሰጣት የተሰማኝን ተዉት፤ ከኋላ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር እሱ ምንም አይደለም።

ሰው መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ያለፉት ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጢማቸው የሸበተ አዛውንት ናቸው። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ሽማግሌ አልፎኝ አያውቅም። ብድግ አልኩና “ኖር” አልኩ። ቀበቶው ጎትቶ መልሶ አስቀመጠኝ። ሰውዬው ደንገጥ አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉልኝ። እንዲህ ጎንበስ ላለ ሰው ተቀምጦ ምላሽ ይሰጣል? እንደገና ብድግ። ቀበቶው እንደገና ቁጭ።

ከኋላቸው አንዲት ወይዘሮ መጣች። ለሳቸው ተነስቼ ለእሷ ልቀር ነው? ተነሳሁ። ከእሷ ቀጥሎ ሌላ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ። አያችሁ፣ ልቅሶ ቤት ቢሆን አንድ ሁለት ሰው ይገባል፣ ብድግ ይባላል፣ “አይነሱ” ይባላል፣ ያበቃል። እዚህ ግን አገር ነው የሚገባው፤ “አይነሱ” የሚለኝም የለም። ማንን መርጬ ማንን ልተው? አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ የምነሳለት ሌላ ሰው እየመሰለው ወደ ኋላው ይዞራል። አንድ ጎረምሳ የአውሮፕላኑ ሠራተኛ መስዬው ትኬቱን አሳየኝ። እኔም አየሁለትና ወደ ኋላ አመለከትኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰልፉ ቆመ። አስተናጋጇ መጥታ የጎደለኝ ነገር ካለ ጠየቀችኝ መሰለኝ።

በዚህ መሃል ምሕረት ብቅ አለች። ከበሩ ጀምራ ስታየኝ ነበር። ፈገግ አልኩላት። እሷ ስልኳን አየች። ስልኩ ጠፍቷል፤ መስታወቱ ጥቁር ነው። ያንን ጥቁር መስታወት እያነበበች አጠገቤ አለፈች። የቀሚሷ ጫፍ ክንዴን ነካኝ። ቶማስ ግን “እማማ” ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈ።

በዚያ ሰፊ ወንበር ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ጠብቤ ተቀመጥኩ። ልጄ አፈረችብኝ። ለልጇ ምስክር ልትሆን የመጣች እናት ገና መንገድ ላይ አሳፈረቻት። በልቤ ጸሎት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ።

ምግብ መጣ። “አይ፣ ይቅርብኝ” አልኩ በእጄም በአንገቴም። ርቦኛል እኮ። ግን መጀመሪያ ሲያቀርቡልሽ ዘለሽ እሺ ትያለሽ እንዴ? ሁለተኛ ትለምነኛለች፣ ትንሽ አቅማማለሁ፣ ሦስተኛ ላይ እቀምሳለሁ ብዬ ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሳህኑን ይዛ ሄደች። ሄደች ማለት ሄደች። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የእሱን እስኪጨርስ መስኮቱን ሳየው ነበር፤ ደመናው ሩዝ ይመስላል።

ወርደን ዕቃ ስንጠብቅ ምሕረት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“እማዬ፣ እነሱ ቤት እባክሽ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። ለማንም እንዳትነሺ። እዚህ አገር እንደዚያ አይደረግም።”

“እሺ” አልኳት። የተማረችው እሷ ናት። አገሩንም የምታውቀው እሷ ናት።

የማርያማ ቤት ደረስን። ሳሎን አስቀመጡኝ። ማርያማ ከውስጥ ብቅ አለች፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ የተነሳች የእኛ ሴት ነው የምትመስለው። ጉልበቴ በራሱ ሊነሳ ቃጣው። የወንበሩን እጀታ ያዝኩና ቁጭ አልኩ። ምሕረትን አየኋት፤ በዓይኗ “ጎበዝ” አለችኝ። ማርያማ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ልታጋጥም አንስታ ነበር። ቀስ ብላ መልሳ አወረደቻቸው።

ምሳ ቀረበ። “በቃኝ” አልኩ እንደ ወጉ። ማርያማ ጭልፋውን መለሰችው።

ማታ ምሕረት የተኛሁበት ክፍል ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማርያማ ለልጇ እንዲህ ብላዋለች፦ ይቺ ሴት ቤቴ መጥታ አልተነሳችልኝም፣ ምግቤንም ተጸየፈች፤ የናቀችኝ ሰው እንዴት ዘመዴ ትሆናለች? ምሕረት ይህን ስትነግረኝ እንባዋ ይወርዳል። “አንቺው አይደለሽ ያልሽኝ” የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት። እያለቀሰች ላለች ልጅ እንዲህ አይባልም።

ጠዋት ማርያማ ስትገባ ብድግ ብዬ ጠበቅኋት። ዘግይቷል። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋልኝ ወደ ጓዳ አለፈች።

ቶማስ ግን እናቱ የእሱንና የምሕረትን ሥራና ቤት እንድታይ ብሎ አብራን ወደ ባንጋሎር እንድትመጣ ቀድሞ አስቦበት ነበር። ለሁለታችንም ከፊት፣ ጎን ለጎን። ማርያማ መጣች፤ የመጣችው ግን ለልጇ ስትል ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም። እሷ መተላለፊያው ዳር ተቀመጠች፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ቀበቶ አሰሩልን። ሁለት ነጭ የለበሱ እናቶች፣ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ፊት ለፊታችንን እያየን ቁጭ አልን።

ሰው መግባት ጀመረ። እኔ እጀታዬን ጨብጫለሁ። ያን ጊዜ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ቄስ ገቡ። ማርያማ ብድግ አለች። እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ “ኖር” አመለጠኝ። ቀበቶው ሁለታችንንም ባንድ ላይ ጎትቶ ዘጭ አደረገን።

ማርያማ ዞር ብላ አየችኝ። ቀበቶዬን አየች። ቀበቶዋን አየች። ቄሱ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ባረኩን፤ ሁለታችንም ተንጠራርተን እጃቸውን ተሳለምን። ከኋላቸው አንዲት አሮጊት መጡ። ማርያማ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን። ተነሳን። ከአሮጊቷ ቀጥሎ ለመጣው ጎልማሳም ተነሳን። ትንሽ ቆይታ ማርያማ እራሷ “ኖር” ማለት ጀመረች። አጠራሯ ከእኔ ይሻላል። ሰልፉ እንደ ልማዱ ቆመ።

ምሕረትና ቶማስ መጡ። ምሕረት ጥቁሩን ስልኳን አወጣች። በዚህኛው ጉዞ ግን ቶማስም የራሱን አወጣ። ሁለቱም እንደማያውቁን ሆነው አለፉ። ማርያማ በክርኗ ነካችኝ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

ምግብ ሲመጣ “ይቅርብኝ” አልኩ። ማርያማ ሳህኑን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ ፊቴ አስቀመጠችው። ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። አንድ ቃል አልገባኝም፤ “በሞቴ” ማለቷ እንደነበር ግን አልጠራጠርም። እስከ ሦስተኛው አላቆየኋትም፤ በላሁ።

ስንወርድ ለቶማስ የሆነ ነገር ነገረችው። ቶማስ ለምሕረት ነገራት። ምሕረት መጥታ እጄን ያዘችኝ።

“ሠርጉ መቼ ይሁን ነው የምትለው። ምን ብለሻት ነው?”

“ምንም። ተነሳን።”

ልጄ አንገቷን ደፋች። አሁንም ያንን አውሮፕላን ሙሉ ሰው ሳስበው ብቻዬን ቤት ውስጥ ሆኜ እንኳ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ሠርጉ አዳማ ነው፤ ማርያማ ትመጣለች። ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ተኮናትረን ልናመጣት አስበናል፤ እሷን ጋቢና እኛ ከኋላ። እዚያ ማንም አያልፍባትም፣ ታርፋለች ብዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞን ወደ መስኮቱ ጠጋ ሲል ማርያማ ብድግ ብላ “ኖር” ብትለው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው?