ባሕር ዳር የቀረችው እቅፍ

የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ «ለእናቴ እነግርልሻለሁ» እያለ ሲያስፈራራኝ ስለዋለ፣ ቀድሜው ራሴን ላዋርድ።

ጊዜው ሞባይል አገራችን ያልገባበት ነው። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አስተማሪ ነበርኩ።

የምን አስተማሪ? የጂኦግራፊ። (ገና ነው፣ አትሳቁ።)

የዛሬው ባለቤቴ፣ የያኔው እጮኛዬ፣ የአክሱም ልጅ ነው። ለበዓል ቀድሞኝ ሄደና ደወለልኝ። እሱ የበዓል ሥራ ስለሚይዘው ኤርፖርት የሚቀበሉኝ እናቱ እንደሆኑ ነገረኝ። በፎቶ እንኳን አላየኋቸውም። ምልክታቸው ነጭ ነጠላ ነው አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ በዚህ አገር ነጭ ነጠላ ምልክት ይሆናል?

ባልደረቦቼ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲጠይቁኝ የክፍሉን ካርታ አወረድኩና ማስመሪያ ዘረጋሁበት። አርባ ምንጭ ታች፣ አክሱም ላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ለአውሮፕላን ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው አልኩ።

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን መቀየሩን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሚኒባስ እየቆመ ሰው እንደሚያወርድ ማን ነገረኝ?

ከአዲስ አበባ ስንነሳ አጠገቤ ለተቀመጠው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስሌቴን አስረዳሁት። አስተናጋጇ በማይክሮፎን ያለችውን አልሰማሁም። እያስተማርኩ ነበራ።

አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል በመስኮቱ ትልቅ ሐይቅ ታየኝ።

አባያና ጫሞን እያየሁ ነው ያደግኩት። ሐይቁን ሳይ ደስ አለኝ እንጂ አክሱም ሐይቅ ከየት አመጣች ብዬ አልጠየቅኩም። የጂኦግራፊ አስተማሪዋ!

ሰው ሁሉ ሳይነሳ ወረድኩ። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ቆመዋል። ሮጬ ተጠመጠምኩባቸው። ጉልበታቸውን ሳምኩ። አለቀስኩም።

እሳቸውም ጥብቅ አድርገው አቀፉኝ። እኛ መጀመሪያ እናቅፋለን፣ ማንነቱን በኋላ እንጠይቃለን አይደል?

«የኔ ልጅ፣ የማን ነሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የልጅዎ እጮኛ ነኝ፣ እማማ።»

ክው አሉ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው አዩና «ይህን ያህል ጊዜ ደበቅኸኝ?» አሉ።

ዞር አልኩ። ባለ ከረባቱ ሰውዬ ነው!

ምስኪን፣ እኔን የሚያውቀኝ በኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ሲንተባተብ እናቱ ግንባሬን ደግመው ሳሙኝ። ወደውኝ ነበር። ያየሁት ጣና እንደሆነ፣ የቆምኩትም ባሕር ዳር እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። የአውሮፕላኑ በር ሳይዘጋ በሩጫ መለሰኝ።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ገብቷል። ጎንደር ስናርፍ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ቢሆንም ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይሄም አይደለም» አሉኝ።

አክሱም ደረስን። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ሁለት ክንዳቸውን ከፍተው ወደኔ መጡ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ይቅርታ፣ የማን እናት ነዎት?»

አማቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ ምራታቸው ጥሩ ሰው እንደሆነች፣ ግን ትንሽ ቀዝቃዛ እንደሆነች ያወራሉ። የመጀመሪያ ቀን እጇን ብቻ ነው የሰጠችኝ ይላሉ።

ያ ሁሉ እንባና እቅፍ ለሌላ እናት ባሕር ዳር ላይ አለቀ ብዬ ልንገራቸው? ወይስ ቀዝቃዛ እንደተባልኩ ልኑር?