ዶሮ የታረደለት አስተማሪ

ወረቀት ካላየ ሰው ያየ የማይመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን እዚሁ ሚዛን ከተማ አግኝቼዋለሁ። የልጅ ልጄ አልማዝ ቴፒ ከተማ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እኔ ጋ ትመጣ ነበር። ውጭ አገር ሄጄ ላስተምር ብትል፣ የሚልካት ወኪል «የውጭ ሰርተፍኬት ከሌለሽ አይሆንም» አላት። እኔ ደግሞ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ጋ ሊያስተምር የመጣውን ፈረንጅ ማን ሰርተፍኬት ጠየቀው?»

«እማማ፣ እሱ እኮ የገዛ ቋንቋው ነው።»

«ቤንችኛስ የእኔ ቋንቋ አይደለም? ታዲያ ማን አስተማሪ አደረገኝ? ለእሱ ዶሮ አርደን፣ ማር አቅርበን ነው የተቀበልነው!»

ወኪሉ ሳቀብኝ። አልማዝ ግን በኮምፒውተር ተምራ ሰርተፍኬቱን አገኘችና ሄደች።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን ለፍትሕ እየጮህኩ፣ በልቤ ግን «እምቢ በላት» እያልኩ እለምነው ነበር። ዛሬም ቅዳሜ የቴፒው አውቶቡስ ሲደርስ በር ላይ ቆሜ የሚወርዱትን አያለሁ። እዚያስ ስትደርስ ዶሮ ያረደላት ሰው ይኖር ይሆን?