በገዛ እጄ ላይ አሜን

«እማዬ፣ እጅሽ የሚሰበረው መቼ ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። በክፋት አልጠየቀችኝም፤ ጾሙ መቼ ይፈታል፣ እንግዳው መቼ ይመጣል እንደምትለው ነው። የነፍስ አባት ሲጠይቁ ሰው ተዘጋጅቶ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ፣ የሚናገረውንና የሚዘለውን ለይቶ ይቀርባል። ልጅ ግን እጃችሁ ሊጥ ውስጥ ሳለ ይጠይቃችኋል። ሊጥ የያዘ እጅ ደግሞ መደበቂያ የለውም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በእኛ አገር፣ በታች ጋይንት፣ በሬ የባል ነው፤ ዶሮ የሚስት ናት። በሬ ሲታመም መንደሩ ይሰበሰባል፤ አንዱ ምላሱን ያያል፣ አንዱ ሆዱን ያንኳኳል፣ ሌላው ቅጠል ሊቆርጥ ገደል ይወርዳል። ዶሮ ስትታመም ግን ምክሩ አንድ ነው፤ «ሳትሞት ቶሎ በያት!» የዶሮ ሐኪሟ ቢላዋ ነው። የቤቱ ጨው፣ የኩራዙ ላምባ፣ የልጅ ቀሚስ የሚወጣው ግን ከዚያችው ከማትከበረው ነው። አንድ ጊዜ፣ ያኔ በጃንሆይ ዘመን፣ ከብት መርፌ የሚወጋ ሰው አርብ ገበያ መጣ ሲባል የምታንቀላፋ ዶሮዬን ታቅፌ ከበሬዎቹ መካከል ተሰለፍኩ። ሰውዬው እኔን አየ፣ ዶሮዋን አየ። «እመቤቴ፣ መንግሥት መርፌውን የላከው ለቀንድ ከብት ነው። ቀንድ ስታወጣ ያምጧት» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዶሮዋ ብቻ አልሳቀችም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም እንደገባ ከአርብ ገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዛሁ። ቀይ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚቆም፣ ባላባት የመሰለ። በጾም መግቢያ አውራ ዶሮ የሚገዛ እንደኔ ያለ አስተዋይ ብቻ ነው፤ ይረክሳላ! ሻጩ እንኳ ሳይከራከረኝ የአውራውን እግር አስይዞኝ ሄደ። እንዴት ደስ አለኝ! ገበያ ላይ ሻጭ ሲቸኩል ገዢ ደስ ካለው፣ ከሁለቱ አንዱ ሞኝ ነው። ሻጩ ሞኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን አውራው መጮኹን ተወ። ክንፉን ጣለ፤ አንገቱ ተጠመዘዘ፤ ኩሱ አረንጓዴ ሆነ። ፈንግል ነበር። ፈንግል በገባበት ግቢ ዶሮ አይተርፍም፤ ይህን የማታውቅ ሴት በአገራችን የለችም። ያውም በጾም! ያቺ አንዷ ሐኪም ቢላዋም ለሃምሳ አምስት ቀን ተሰቅላለች። ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጤና አዳም ጨመርኩ። ዞር ከማለቴ ፍየሌ ገብታ ጣባውን ላሰችው። ያቺ ፍየል እንደዚያ ሰሞን አምሮባት አታውቅም። ሁለተኛውን ወቅጬ አውራውን አጠጣሁት። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከዚያ ሞተ።

ባለቤቴ «ዶሮ አይደል እንዴ!» ብሎ ወደ በሬዎቹ ወጣ። እኔ ጎረቤቴ እመት ጥሩ ዘንድ ሄድኩ። እመት ጥሩ ያላዩት በሽታ የለም፤ ያዳኑት አላውቅም።

«ልጄ፣ ፈንግል መንገደኛ ነው። ካልሸኙት አይሄድም» አሉኝ። «የሞተውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከወንዙ ማዶ መስቀለኛው መንገድ ላይ ጣይው። ‹ከኔ ጨርሰሃል፣ ሂድ› በይው። ወደ ኋላሽ እንዳታይ ብቻ!»

እንግዲህ እኔ ከአባቴ ጉልበት ሥር ፊደል ቆጥሬ ዳዊት የምደግም ሴት ነኝ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውንም አውቃለሁ። ያን ለት ግን ቃሉ ወንዙ ጋ ሲደርስ የሚቆም መሰለኝ።

ከወንዙ ማዶ ማን አለ? እታገኝ። እታገኝ አበልጄ ናት፤ ትርንጎን ክርስትና ያነሳች። እኔ ግን ብልህ ነኝና አስቀድሜ ሌላም ብልሃት ፈጸምኩ። ገና በእግራቸው የቆሙትን አራት ዶሮዎቼን በቅርጫት አድርጌ ለእሷ ወሰድኩላት። «አበልጄ፣ ጭልፊት አስቸገረኝ፤ ጥቂት ቀን አቆይልኝ» አልኳት። ጭልፊት! በጾም ምድር! ሰማዩ ላይ ደመና እንኳ አልነበረም። በማግስቱ ደግሞ አውራውን ጠቅልዬ መስቀለኛው መንገድ ላይ ጣልኩ። አያችሁ ብልሃቴን? ዶሮዎቹን ከበሽታው ላድን ማዶ አሻገርኩ፤ በሽታውን ከቤቴ ላባርር ማዶ አሻገርኩ። ፈንግሉ ገና ያን ጊዜ በቅርጫቱ ውስጥ ተመችቶት መሻገሩ የገባኝ ኋላ ነው። በሁለቱም ቀን ትርንጎ ቀሚሴን ይዛ አብራኝ ነበረች።

ሳምንት ሳይሞላ እታገኝ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። በብብቷ አንዲት ገብስማ ዶሮ ይዛለች።

«አበልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ አደራሽን በላሁ» አለችኝ ከደጅ ሳትገባ። «አራቱም ሞቱ። የኔዎቹም አለቁ። የቀረችኝ ይቺ ናት፤ ስለ አደራሽ ውሰጃት።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌንም ከፍቻለሁ። የወጣው ቃል ግን «ምን አገኛቸው?» የሚል ሆነ።

«ፈንግል ነዋ! አንዷ ጨካኝ የሞተ አውራ ዶሮ ጠቅልላ መንገዳችን ላይ ጥላብን ሄደች። የጣለች እጇ ይሰበር!»

«አሜን» አልኩ።

አትፍረዱብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀሳውስቱ በግእዝ ያሉትን ሳይገባኝ አሜን ስል የኖርኩ ነኝ፤ አፌ ለምዷል። ያን ለት ግን እያንዳንዱ ቃል ገብቶኝ ነበር። ይባስ ብዬ ዶሮዋንም ተቀበልኩ፤ በዚያችው በተረገመችው እጄ። እታገኝ «እግዜር ይስጥሽ፣ ከአደራ ገላገልሽኝ» ብላኝ ሄደች።

ትርንጎ ያን የእጅ ጥያቄዋን ያመጣችው ያን ዕለት ማታ፣ ሊጥ ሳቦካ ነው።

«እጄ ምን አደረገች?» አልኳት።

«ጣለቻ! ደግሞ አሜን ብለሻል። የነፍስ አባታችን ‹አሜን ያሉት ነገር ይደርሳል› ብለዋል።»

ለነፍስ አባቴ ብናገር ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ይፈቱኛል፤ እሰግዳለሁ፣ ያልቃል። ግን እሳቸው ዶሮ አልሞተባቸውም። ገብስማዋ ባዶው ቆጥ ላይ ብቻዋን ወጥታ፣ ከለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የሄደባት ባልቴት መስላ ተቀምጣለች። እሷን እያየሁ «አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ» አልኩ። ማወቁ ግን ለእታገኝ አይደርሳትም።

በማግስቱ ማለዳ ዶሮዋን ታቅፌ፣ ለካሳ ፍየሌን በገመድ እየጎተትኩ ወንዙን ተሻገርኩ። ትርንጎም ተከተለችን፤ እጄ ስትሰበር እንዳያመልጣት ነው መሰለኝ። እታገኝ ደጅ ስንደርስ እሷም ልትወጣ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ከጥቅልሉ ጫፍ የዶሮ እግር ይታያል። ሁለታችንም ቆምን።

«አውራውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ድፍረቴ ሳይበርድ። «ጭልፊትም አልነበረም። እያወቅሁ ነው ያመጣሁብሽ።»

ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ።

«የኔ ቄቦች!» አለች ቀስ ብላ። «ሊጥሉ የደረሱ! ክረምቱን ሙሉ ከጭልፊት የጠበቅኋቸው፣ ከእውነተኛ ጭልፊት!» እንባዋ መጣ። የምይዘው ጠፍቶኝ ገብስማዋን አጥብቄ ያዝኩ። ቆይታ ዓይኗን ጠረገች። «ታዲያ ትናንት አሜን ያልሽው?»

«አምልጦኝ ነው።»

«አምልጦኝ!» አለችና ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባት።

«ፍየሏን ውሰጂ» አልኳት።

«ያንቺን ፍየል? የጎረቤት ማሳ ጠራርጋ የምትበላውን? ፈንግሉ ይሻለኛል!»

እንዲህ ስትለኝ ትንሽ ነፍስ ዘራሁና ጥቅልሉን አመለከትኳት። «ይህንንስ ወዴት ልትወስጂው ነው?»

አሁን አንገቷን የደፋች እሷ ሆነች። «ወደ ሲማዳ መውረጃው።»

«የሲማዳ ሴት እጅሽን ብትረግምስ?»

«ሳትነቃ እመለሳለሁ ብዬ ነበር» አለች።

ከዚያ ዶማ አወጣች። ከጓሮዋ ሄደን በየተራ መቆፈር ጀመርን። መሬቱ የበጋ ነው፤ ዶማው በነካ ቁጥር ድንጋይ ይጮኻል። ከቤተ ልሔም ደብር በኩል የሚመጡ አንድ መሪጌታ በአጥሩ ላይ አዩንና «ልጆቼ፣ በዚህ በጋ ምን ልትዘሩ ነው?» አሉ። እታገኝ ቀና ሳትል «እንዳይበቅል ነው፣ የኔታ» አለቻቸው። ገብስማዋ ወደ ባለቤቷ ግቢ በመመለሷ ምንም አልተሰማትም፤ ካወጣነው አፈር ምስጥ ትለቅማለች። ፍየሏ የጥቅልሉን ጨርቅ ጫፍ ማኘክ ጀምራ በድንጋይ አባረርናት።

ጉድጓዱ ክንድ ሙሉ ሲሆን መዳፌ አቃጠለኝ። ከፍቼ ባየው ውኃ ቋጥሯል። ትርንጎ ሮጣ መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ እንደ ወጌሻ ዳሰሰቻቸው።

«ጀመረሽ» አለችኝ።

አሜን ልል ነበር። አፌን ያዝኩና ዶማውን ወደ ሌላው እጄ አዛውሬ መቆፈሬን ቀጠልኩ።