ከእሜቴ ሃዊዝ የሚወለዱት ጎረቤቴ

በእንግሊዝ ገጠር ሦስት ሰው ብታነጋግሩ አንዱ ከንጉሥ፣ አንዱ ከመስፍን ይወለዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ገና እያጣራ ነው። ተራ ሰው የወለደው ሰው የት እንደሚኖር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የመንደራችን የዊዘርኮም ባለ ዘር ክብርት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ፓርጀተር ነበሩ። አባታቸው ከሰል በጋሪ እያዞሩ ይሸጡ ነበር፤ እሳቸው ግን ይህን የሚያዩት እንደ ጊዜያዊ ችግር ነው። ከአባታቸው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ሁለት ጫማ ሰፊዎችንና ፈረስ ሰርቆ የታሰረ አንድ አያት ቶሎ ቶሎ ያልፉና፣ የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት የመንደሩ እመቤት ከነበሩት ከእሜቴ ሃዊዝ ሲደርሱ ረጅም ትንፋሽ ይወስዳሉ።

የእሜቴን ታሪክ እኛ መንደር የማያውቅ የለም። ባላቸው ሰር ፉልክ የጋራውን ግጦሽ አጥረው ሊያርሱት በሬ ቢያስጠምዱ፣ እሜቴ የሠርግ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡና በሬዎቹ ፊት ተጋደሙ። "መጀመሪያ እኔን እረሱኝ!" አሉ ይባላል። በሬዎቹ ቆሙ፤ መስኩም የጋራ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በየዓመቱ በግንቦት ከዘራቸው የሆነች ሴት መስኩ ላይ ትጋደማለች። አርተር ክሌግ የሚባለው ገበሬ ትራክተሩን እያንደቀደቀ ይመጣና ፊቷ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋል፤ እኛም አጨብጭበን ወደ ቢራችን እንሄዳለን። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የሚጋደሙት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ነበሩ።

በቀረው ዓመትም ዕረፍት አልነበረንም። ሥጋ ቤት ሲገቡ፣ "እሜቴ ሃዊዝ ስብ አይወዱም ነበር፤ ከወዲያኛው ቁረጥልኝ!" አውቶቡስ ሲዘገይ፣ "በእሜቴ ጊዜ ይኼ ይደረጋል?" ዛሬም አውቶቡሱ ይዘገያል፤ የሚቆጣለት ሰው ግን የለም፤ እውነቱን ለመናገር ያ ቁጣ ይናፍቀኛል። እኔን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ባገኙኝ ቁጥር የእሜቴ መቃብር ላይ ወደተጋደመው የድንጋይ ምስል ይጎትቱኛል።

"አፍንጫዬን እዪው እስቲ! ቁርጥ የሳቸው አይደል?"

የምስሉን አፍንጫ በድሮ ጦርነት ወታደሮች ሰብረውት ከሄዱ ስንት ዘመኑ!

"ቁርጥ ነው፣ እትዬ ዊኒ" እላለሁ። ምን ልበል?

የማይፈራቸው አርተር ብቻ ነበር። "የከሰሏ ልዕልት! ዘንድሮስ ፍሬኔን እንጃ!" እያለ ከመጠጥ ቤቱ ደጅ ይጮህባቸዋል።

"አንተ ባላገር! ያንተ ቅድመ አያት ያኔም በሬ ነጂ ነበር" ይሉታል። ሁለቱም በዚህ ደስ ይላቸው ነበር መሰለኝ።

አንድ ዓመት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ነገሩ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ይረጋገጥ ብለው ከዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተመራማሪ ጋበዙ። በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ኬኩን የጋገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ምርጥ ኮፍያቸውን አድርገው ፊት ተቀመጡ። ተመራማሪው ትሑት ወጣት ነበር። እሜቴ በሬዎቹ ፊት መጋደማቸው እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ። ከዚያ ውሃ ተጎነጨና፣ "ዘርን በተመለከተ ግን፣ እመቤት ሃዊዝ ልጅ ሳይወልዱ ነው የሞቱት። ከእሳቸው የሚወለድ ሰው ሊኖር አይችልም" አለ።

ያን ሁሉ ዓመት በሆዳችን ስንስቅ የኖርን ሰዎች አንዳችንም አልሳቅንም። አርተር ጫማውን ማየት ጀመረ። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ተነሥተው ለወጣቱ ኬክ ቆርጠው ሰጡት፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉና ወጡ።

በማግሥቱ ያካፋ ነበር። አርተር ትራክተሩን አስነሥቶ መስኩ ዳር ቆሟል፤ የሚጋደም ግን የለም። ቄሱ ሰዓታቸውን አይተው፣ "ሌላ ሴት ትተካቸው እንዴ?" አሉ።

"እኔ ፍሬን የምይዘው ለዊኒ ነው" አለ አርተር። "ለሌላዋ ዋስ አልሆንም።"

እሳቸው ከሌሉ ለእኔም ግንቦት ግንቦት አይሆንም ነበር።

መጡ። አሮጌ የዝናብ ካፖርት ለብሰዋል፤ ኮፍያ የለም። ዘር አልቆጠሩም።

"ዊኒ" አለ አርተር ቀስ ብሎ፣ "ከፈለግሽ ዛሬ ይቅር።"

"ለምን ይቀራል?"

"ያ ልጅ ያለውን ሰምተሽ የለ?"

"ሰምቻለሁ። ሳስበው ነው የቆየሁት" አሉ። "ልጅ አልነበራቸውም። ይኼን ሁሉ ዘመን ማንም የላቸውም ማለት ነው። ታዲያ እኔም ከቀረሁባቸው ማን ይተኛላቸዋል?"

እርጥቡ ሣር ላይ ተጋደሙ። አርተር ከወትሮው በጣም ርቆ ሞተሩን አጠፋና ቆቡን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። የሚያጨበጭብ ጠፋ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሄጄ ጎናቸው ተጋደምኩ።

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ አንገታቸውን አዙረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"እግርሽን ሰብስቢ እንጂ!" አሉኝ። "የእሜቴ ዘር እንዲህ ተንፈራጦ አይተኛም።"